ያልተጠራችው

አንድ ጥሩምባ ነፊ ነበረ።

ይርዳው፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ፤ ሁለተኛ አትድገመው። «ጋሼ፣ እኔ ዱላ አልያዝኩም፣ ክብሪት አልጫርኩም። ለምርጫው ምዝገባ ቤት ለቤት የዞርኩት እኔ ስለሆንኩ የእነዚያ ሰዎች ቤት የቱ የቱ እንደሆነ ጽፈህ ስጠን ነው ያሉኝ። መጻፍ ብቻ ምን ኃጢአት አለው?» ነው ያልከኝ። አለው ብልህ ትከራከረኛለህ፤ አንተ የተማርክ ነህ፣ እኔን ደግሞ ክርክር ያደክመኛል። ስለዚህ ቁጭ በልና ስማኝ። እግርህንም አታወዛውዝ።

ጥሩምባ ነፊው የሚኖረው በአንዲት ዳገታማ ከተማ ነበር። የላይ ሰፈር ሰዎች አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ አንድ ሃይማኖት ይከተላሉ። የታች ሰፈሮቹ ቋንቋቸውም ጸሎታቸውም ሌላ ነው። በመካከላቸው አጥር ነበረ ብለህ ግን እንዳታስብ። ታች ወርዶ ቤት የሠራ የላይ ሰው ነበረ፤ ወደ ላይ የተዳረች የታች ልጅም ነበረች። የጥሩምባ ነፊው ሚስት ራሷ የታች ሰፈር ልጅ ነበረች። ሥጋ አብረው አይበሉም። ዕድራቸው ግን አንድ ነው፣ ድንኳናቸውም አንድ ነው። ለለቅሶ የሚቀቀለው ንፍሮ ስለሆነ ማንም ሳይሳቀቅ ከአንድ ድስት ይዘግናል።

ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ሊነጋጋ ሲል ይወጣል። ሦስት ጊዜ ይነፋና «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እገሌ አርፏል!» ይላል። ይህን የሰማ ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ስሙ ወደተጠራው ሰው ግቢ ይሄዳል። ዱላ የያዘ ዱላውን በር ላይ ጥሎ ይገባል፤ ለቅሶ ቤት ዱላ ይዞ መግባት ነውር ነበር። ሸምሱ የሚባል የታች ሰፈር ልብስ ሰፊ ደግሞ የዕድሩን የአቡጀዲ ጣቃ ያስቀምጣል። ስም በሰማ ቁጥር የያዘውን ስፌት ትቶ ለሟቹ መግነዝ ይቆርጣል። የሚለካው የለውም፤ የሁሉንም ሱሪና ቀሚስ የሰፋው እሱ ስለሆነ የሰውን ሁሉ ቁመት ያውቃል።

ስሙ በጥሩምባ የተጠራ ሰው በዚያው ቀን ከዕድሩ መዝገብ ይሰረዛል። የተጠራን ስም መመለሻ ጥሪ አልነበራቸውም። አስፈልጓቸው አያውቅማ።

አንድ ዓመት የከተማዋ ሹም በድምፅ ይመረጥ ተባለ። ከላይ ሰፈር አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ተወዳደረ፣ ከታች ሰፈር አንድ አስተማሪ። ድምፁ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተቆጠረና ባለወፍጮው በአሥራ ዘጠኝ ሰው ተሸነፈ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ማለት እኮ አንድ ሠርግ ላይ ከበሩ አጠገብ የሚቀመጠው ነው። ባለወፍጮው ግን ተሰረቅሁ አለ። የላይ ሰፈር ሰው እውነት ነው ወይ ብሎ አልጠየቀም፤ አገሩ ሁሉ እህሉን የሚያስፈጨው እሱ ዘንድ ነው።

በማግስቱ ጥሩምባ ነፊውን አስጠራው።

«የታቾቹን ሁሉ በስም ታውቃቸዋለህ አይደል?»

«ዕድርተኞቼ ናቸው። እንዴት አላውቃቸውም ጌታዬ?»

«እንግዲያው ጥሩምባህን ይዘህ ዙርና በየበራቸው ስማቸውን ጥራልኝ። የእነሱ ዘር የሆነውን ሁሉ፤ ወንድ ይሁን ሴት፣ ለእኛ ሰው የተዳረችም ብትሆን። የሰፈራችን ልጆች ሲወርዱ በስህተት የእኛን ቤት እንዳይነኩ ነው።»

«ወርደው ምን ሊያደርጉ?»

«እሱን ለእነሱ ተወው። ምናልባት ስማቸውን ሲሰሙ ቀድመው ይሄዱልን ይሆናል። ለራሳቸውም ይሻላቸዋል።»

«ታዲያ ለምን በወረቀት አይሆንም?»

«ወረቀት ነገ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ስም ጠራህ ብሎ አንተን ማን ይከስሃል? ሥራህ አይደለም እንዴ?»

ሰውየው ፈራ። ትንሽም ደስ ሳይለው አልቀረም፤ ባለወፍጮው አስጠርቶት ወንበር ሲሰጠው የመጀመሪያው ነበር። ወደ ቤቱ ሲመለስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሞተ ጠራሁ፣ የገደልኩት ግን አንድም የለ፤ ዛሬም የምጠራ ብቻ ነኝ እያለ ለራሱ ይነግረው ነበር። ነገሩን ደጋግሞ ሲለው እውነት መሰለው።

ጥሩምባውን ከመስቀያው ሲያወርድ ሚስቱ ምስር እየለቀመች ነበር።

«ማን ሞተ?» አለችው።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ጥሩምባውን ወዴት ነው?»

ጥሩምባውን በብብቱ ይዞ ወጣ።

ሰዓቱ ስድስት ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ጥላ የለም። ጥሩምባ በዚህ ሰዓት ተነፍቶ ስለማያውቅ ከተማው ቀጥ አለ። ገበያ ላይ የሚመዝነው ሚዛኑን እንዳንጠለጠለ ቀረ። ጥሩምባ ነፊው የመጀመሪያው በር ላይ ቆመና ስም ብቻ ጠርቶ ሊያልፍ አፉን ከፈተ። አፉ ግን ሠላሳ ዓመት የለመደውን ጨምሮ «አርፏል!» አለ። ደነገጠ። ሁለተኛው በር ላይ ጥርሱን ነክሶ ሞከረ፣ እዚያም «አርፏል!» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ምላሱን ማቆሙን ተወው።

ሌላ ጊዜ ስም ሲጠራ ከግቢው ውስጥ እሪታ ይሰማል። ያን ቀን ምንም አልተሰማም። ከአንዳንዱ በር ኋላ መወርወሪያ ሲገባ ይሰማል፣ ከዚያ ዝም። ውሾቹ እንኳ አልጮሁም። አንዲት ሴት በሯን ከፍታ «እኔን ነው?» ብላ ጠየቀችው፤ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ስማቸው ሲጠራ ከደጃፋቸው ተነስተው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። የላይ ሰፈር ሰዎችም በየመስኮታቸው ቆመው ያያሉ። ሠላሳ ዓመት ጥሩምባ ሰምቶ ከቤት ሳይወጣ ቀርቶ የማያውቅ ሰው ያን ቀን አንድም አልወጣም። ሁሉም ምን እየተደረገ እንደሆነ ገብቶታል። አለመውጣታቸው ነው የሚያስፈራው።

ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ሲቃረብ መቀስ ሰማ። ጭር ካለው ከተማ ውስጥ የሚሰማው ያ መቀስ ብቻ ነበር፤ ረዥም ጨርቅ የሚቆርጥ መቀስ። «ሸምሱ ልብስ ሰፊው አርፏል!» አለ። መቀሱ አንድ ጊዜ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ።

ሠላሳ ሰባት ስም ጠራ። የዳቦ ጋጋሪውን ሚስት ጠራ፣ የዘበኛውን ሚስት ጠራ፣ የገዛ ሚስቱን ታላቅ ወንድም ጠራ። ሲጨርስ ሸሚዙ ላቡን ጠጥቶ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር። ወደ ቤቱ ሄደ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ምስሩ በሰፌድ ላይ ግማሹ ተለቅሞ ግማሹ ቀርቷል። ከምስማሩ ላይ ጥቁር ቀሚሷ የለም።

ሲሮጥ ወረደ፤ ያገኛትም ልብስ ሰፊው ግቢ ውስጥ ነው። ሸምሱ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን የሚኖር ሰው ስለነበረ የሚያለቅስለት የለም ብላ እሱ ዘንድ ሄዳለች። ጥቁሯን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሸምሱ ከፊቷ ይቆርጣል። አጠገቡ የታጠፈ አቡጀዲ ተከምሯል፤ ረዥሙ ለብቻ፣ አጭሩ ለብቻ። በጥሩምባው ተራ እየተከተለ ነው የቆረጠው። የራሱንም ቆርጦ በቦታው፣ ስሙ በተጠራበት ተራ አስገብቶታል።

«ተነሺ እንሂድ» አላት ባሏ።

«ለቅሶ ላይ ነኝ።»

«ምን ለቅሶ ነው! ሰውየው ይኸው በሕይወት አለ።»

«አርፏል ያልከው አንተ ነህ። ጥሩምባ ሰምቼ መጣሁ።» ወደ ልብስ ሰፊው ዞረች። «ወንድሜ ሸምሱ፣ ለእኔም ቁረጥልኝ።»

«ስምሽ አልተጠራም፣ እህቴ።»

«ረስቶኝ ነው።»

ሸምሱ መቀሱን አንጠልጥሎ ጥሩምባ ነፊውን ያየው ጀመር። እሷም ቀና አለች።

«ረስተኸኝ ነው?»

«አልረሳሁሽም።»

«የዘበኛውን ሚስት ጠራህ። የእናቴን ልጅ ጠራህ። እኔን ለምን ተውከኝ?»

«እንዲነኩሽ አልፈለግሁማ!» ብሎ ጮኸባት።

እሷም ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ «እንግዲያው ታውቅ ነበር» አለችው።

ይርዳው፣ ሰውየው ጠዋት ለራሱ ሲነግረው የዋለው ነገር ሁሉ፣ የምጠራ ብቻ ነኝ ያለው፣ በዚያች በአንዲት ቃል አለቀ። ሚስቱን ባይተዋት ኖሮ አላወቅሁም ነበር ብሎ መሞት ይችል ነበር። ትቷታል። ስለዚህ ያውቃል።

በዚያው ቅጽበት ልጆቹ ወረዱ። ዱላ የያዘ አለ፣ ጀሪካን የተሸከመ አለ። የሚመራቸው የጥሩምባ ነፊው የእህት ልጅ ነው። ልጆቹ እየጮሁ ቢመጡ ይሻል ነበር። ሳይናገሩ ነው የመጡት፤ የማያውቁት ሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ እግራቸውን እየመረጡ።

«አጎቴ፣ ሚስትህን ይዘህ ዞር በል» አለው የእህቱ ልጅ። «እሷ አልተጠራችም።»

ክንዷን ይዞ ጎተታት። አልተነሳችም። ልብስ ሰፊውም ከመቀመጫው አልተነሳም። እንግዲህ ምን ያድርግ? ውሸቴን ነው ቢል ማን ይሰማዋል? ሠላሳ ሰባቱን ስም መልሶ አይውጣቸው ነገር፤ የመመለሻ ጥሪ የለም ብዬሃለሁ። ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም መጨመር ነው። ደጃፉ ላይ ቆመ። ጥሩምባውን ወደ ላይ ሰፈር አዞረ። ሦስት ጊዜ ነፋ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ገብረየስ አርፏል! ሬሳው ሸምሱ ልብስ ሰፊው ግቢ ነው!»

ገብረየስ የራሱ የጥሩምባ ነፊው ስም ነበር። ሰው ሁሉ ጥሩምባው ጥሩምባው እያለ ስለሚጠራው ላይ ሰፈር መጀመሪያ «ገብረየስ ደግሞ ማነው?» ተባባሉ። ከዚያ አንዷ አወቀችው። እሪታው ከላይ ተነሳ። ለሠላሳ ሰባት ሰው ያልተከፈተ በር ለአንድ የላይ ሰፈር ሰው በአንዴ ተከፈተ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ቁልቁለቱን ጎረፉ። የልጆቹ እናቶች ናቸው፣ አባቶቻቸው ናቸው።

ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው እህቱ ነበረች። ደረቷን እየመታች ገባችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ወንድሜን የት አስተኛችሁት?» አለችው።

«እህቴ፣ እኔ ነኝ። ይኸው ቆሜ።»

ዓይኑን እያየች «ወንድሜን የት አስተኛችሁት?» ብላ ደገመችለት። አላየችውም አልልህም። አይታዋለች። ግን ጥሩምባ ከሰማች ወዲህ የምታየውን ሰው ወንድሜ ነው ማለት አልሆነላትም። ሌሎቹም እንደዚያው። በአጠገቡ እያለፉ፣ ልብሱ ልብሳቸውን እየነካ፣ «ደግ ሰው ነበር»፣ «በሽታውን እንኳ ሳንሰማ» እያሉ መሬት ይቀመጣሉ። እሱ መካከላቸው ቆሞ የገዛ ለቅሶውን ይሰማል። ከኋላው መቀስ ሲንቀሳቀስ ሰማ። ሸምሱ የእሱን ቁመት መቁረጥ ጀምሯል።

ያኔ እህቱ ልጇን አየችው፤ ከነጀሪካኑ። ወንድሟ አርፏል ተብሏል፣ ልጇ ነዳጅ ይዞ ሬሳው አለ በተባለበት ግቢ ቆሟል።

«አንተ ነህ አጎትህን የገደልከው?» አለችው።

«እማዬ፣ አጎቴ እኮ ይኸውልሽ ቆሟል…»

«አንተ ነህ ወይ የገደልከው?»

ልጁ አጎቱን አየ፣ እናቱን አየ፣ የተከመረውን አቡጀዲ አየ። ጀሪካኑን አስቀመጠ። ሌሎቹም ዱላቸውን አንድ በአንድ በር ላይ ጣሉ። ጣሉ ስልህ ልባቸው ተመልሶ ነው አላልኩህም። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ነው፤ እጃቸው የለመደውን አደረገ። ያን ቀን ከተማውን ያተረፈው ይህ ብቻ ነው፤ እኔም ሌላ አላጋንንልህም።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። ተጠርተው የነበሩትም ቀስ እያሉ ከየቤታቸው ወጥተው መጡና ከለቀስተኞቹ ጋር ተቀመጡ፤ ማን ሟች ማን አልቃሽ እንደሆነ መለየት አስቸግሮ ነበር ይባላል። ማንም አልሳቀም። በአራተኛው ቀን የላይ ሰፈሮቹ ወደ ዳገታቸው ሲወጡ የባለወፍጮውን ቤት በር አልፈው ሄዱ እንጂ አልገቡም።

ግን ሁሉም አልተረፉም። ከቄራው ማዶ ሦስት ቤቶች ነበሩ። የጥሩምባ ነፊው የመጀመሪያ ጥሪ እዚያ ድረስ ሄዶ ነበር፣ በእግሩ ሄዶ በየበራቸው ጠርቷቸዋላ። ሁለተኛው ጥሪ ግን እዚያ አልተሰማም። ወደዚያ የሄዱት ልጆች ጥሩምባውን ስላልሰሙ የሚያቆማቸው አላገኙም። ሦስት ሰው ሞተ። ከነዚህ አንዱ የሚስቱ ወንድም ነው። ሸምሱ ክምሩን ፈልጎ የሦስቱን አወጣ። ልክ መጡ።

ሠላሳ አራቱና እሱ ከዚያ በኋላ ኖሩ፤ ከዕድሩ መዝገብ ግን ሁሉም ተሰርዘዋል። ሠላሳ አራቱን ዕድሩ ይቅርታ ጠይቆ እንደ አዲስ መዘገባቸው። እሱን ማንም አልመዘገበው፤ እሱም አልጠየቀ። ጥሩምባውን ለሌላ ሰው ሰጡት። በመንገድ ሲያልፍ ሰው ጥላ እንዳለፈበት ቀና ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል። እንዲህ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ኖረ።

ሚስቱ ጥላው አልሄደችም። ታበስልለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች። ዓመት በመጣ ቁጥር፣ ወንድሟ በሞተበት ቀን፣ እግሯ ላይ ይወድቅና «ይቅር በይኝ» ይላታል። እሷም ሳትቆጣ ዘጠኝ ጊዜ አንድ መልስ ሰጠችው።

«እኔን አልጠራኸኝም። ይቅርታውን ከጠራሃቸው ጠይቅ።»

ሠላሳ አራቱን ዞሮ ጠይቋል። አንዳንዱ ይቅር ብሎታል፣ አንዳንዱ በር አልከፈተለትም። ወደ ሦስቱ መቃብር ግን እየሄደ ቀኑን ሙሉ ይቀመጥ ነበር፤ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሮውን ወደ አፈሩ አዘንብሎ። እዚያው ተቀምጦ ነው የሞተው። ጥሩምባም አልተነፋለትም። ተነፍቶለት ነበራ።

ይህን ነው የምነግርህ፣ ይርዳው። በሌላ ከተማ ነገሩ ተገልብጦ ታቾቹ ላዮቹን አስጠርተዋል፤ ስለዚህ የየትኛው ወገን ሰው ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ያንተ ብዕር የእሱ ጥሩምባ ነው። አንተም የምጽፍ ብቻ ነኝ ብለሃል፤ እሱም የምጠራ ብቻ ነኝ ብሏል። ሰው የሚያውቀውን የማያውቅ መስሎ ለራሱ ሲነግር የሚያጋልጠው የጠራው ስም አይደለም፤ ያልጠራው ነው። አሁን አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሰባ ቤት ጽፌያለሁ አልከኝ። ከዚያ ውስጥ መግባት ሲገባው ያላስገባኸው ማነው?

ስትጽፍ ብዕርህ ዘሎ ያለፈው ቤት አለ።

አከራይህን? እሳቸውን? ጥሩ። ቤታቸው ሦስት ዓመት ኖረሃል፣ ሲያምህ አጥሚት ያጠጡሃል፤ አውቃለሁ። እንግዲያው ተነስና አሁኑኑ ሂድ። ፊት ለፊታቸው ቁምና «እማማ፣ የጎረቤቶችዎን ቤት ሁሉ ጽፌ ልሰጥ ነው፣ እርስዎን ግን ዘልዬዎታለሁ» በላቸው። ካመሰገኑህ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ወረቀቱን ስጥ።